ጥምቀቱ ቀደመ፣ ትምህርቱ ዘገየ

ከወልድያ ወደ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ለጥ ባለው የራያ ሜዳ ላይ ቆቦን ያገኛታል። በምዕራብ የላስታ ደጋ እንደ ግድግዳ ተገትሯል፤ በምሥራቅ የዞብል ተራራ አለ፤ ከዞብል ወዲያ የአፋር በረሃ ነው። በመካከሉ የማሽላ አገር። ገበሬው ደጋሊት፣ ጅጉርቲ እያለ ዘሩን በየስሙ ይጠራዋል። ማሽላው ሲያድግ የሰው ቁመት ያልፋል፤ ውስጡ የገባ ልጅ በድምፁ እንጂ በዐይን አይገኝም። ይህን ሜዳ የሚያበላው ከደጋው የሚወርደው ውኃ ነው። ጎርፉን ጠልፎ በቦይ ወደ ማሳው የመራው ገበሬ ያመርታል። ጎርፉ በደራሽ ከመጣበት ግን ዘሩንም አፈሩንም ይዞበት ይሄዳል።

ወንጌልም ወደዚህ ቆላ የወረደው ከዚያው ከደጋ ነው፤ አንዳንዴ በቦይ፣ አንዳንዴ በደራሽ።

በማቴዎስ ወንጌል መጨረሻ ምዕራፍ ጌታ ለሐዋርያቱ የሰጠው ትእዛዝ ቅደም ተከተል አለው። መሄድ ይቀድማል፤ ከዚያ ሕዝቡን ደቀ መዛሙርት ማድረግ፤ ከዚያ ማጥመቅ፤ ከዚያም የታዘዘውን ሁሉ እንዲጠብቁ ማስተማር። ጥምቀቱ በሁለት ትምህርቶች መካከል ነው የተቀመጠው። የወሎን የክርስትና ታሪክ ሳነብ ሁልጊዜ የማየው ይህ ተራ የተጠበቀባቸውንና የተገለበጠባቸውን ዘመናት ነው።

ዛሬ ራያ፣ ቆቦ፣ አላማጣ የምንለው ምድር በመካከለኛው ዘመን መጻሕፍት ሰፋ ባለው በአንጎት ስም ውስጥ ይገባል። ምዕራቡ ላስታ ነው፤ በ12ኛውና በ13ኛው መቶ ዓመት የዛጉዌ ነገሥታት ዐለት እየፈለፈሉ ቤተ መቅደስ ያሳነጹበት። ሕንጻው እዚያ ቆመ፤ ሰውን ማነጽ ግን ከቆቦ በስተ ደቡብ፣ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቅ አንዲት የሐይቅ ደሴት ላይ ነበር የተጠናው።

አባ ኢየሱስ ሞዐ በዳኅና ተወለዱ፤ በትግራይ ደብረ ዳሞ ገብተው ከአባ ዮሐኒ እግር ሥር ተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1248 ገደማ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ መጡ። በቦታው ከእርሳቸው አስቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ነበረ፤ እርሳቸው የጨመሩበት ትምህርት ቤት ነው። መጻሕፍት አስገለበጡ፣ ሰበሰቡ፣ ለገዳሙ ሰጡ። እ.ኤ.አ. በ1280/81 ያሠሩት አራቱ ወንጌል ከአገራችን ቀደምት ባለ ዘመን ብራናዎች አንዱ ነው። አንድ መጽሐፍ ለመጻፍ ስንት ፍየል እንደሚታረድ፣ ቆዳው ስንት ቀን በወጠር ላይ እንደሚፋቅ ያየ ሰው ቤተ መጻሕፍት ማቋቋም ምን ማለት እንደነበረ ይገባዋል።

ደቀ መዝሙር የሚለው ቃል ሲፈታ የመዝሙር ልጅ እንደ ማለት ነው። በአብነት ትምህርት ቤት ዳዊት ሳይደግም ወደ ላይ የሚያልፍ የለም፤ ቃሉ ምሳሌ ሳይሆን የዕለት ኑሮ ነው። ከሐይቅ የወጡት የመዝሙር ልጆች ደግሞ አርፈው አልተቀመጡም። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በሐይቅ ተምረው፣ ደብረ ዳሞ ተሻግረው፣ ወደ ሸዋ ተመልሰው በኋላ ደብረ ሊባኖስ የተባለውን ደብረ አስቦን መሠረቱ። አባ ኂሩተ አምላክ ወደ ጣና ሄደው ዳጋ እስጢፋኖስን አቀኑ። ከአንድ መምህር እግር ሥር የተነሡ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ወደ ደቡብ፣ አንዱ ወደ ምዕራብ። መምህሩ ግን ከሐይቃቸው ብዙም ሳይርቁ በ1290ዎቹ መጀመሪያ ዐረፉ። ሂዱ የሚለውን ትእዛዝ ተቀምጦ መፈጸም እንደሚቻል ከእርሳቸው በላይ ያሳየ ማን እንደሆነ አላውቅም።

ቀጥሎ የመጣው ዘመን ተልእኮን በሥርዓት ያደራጀ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1337 ከግብፅ የመጡት ጳጳስ አቡነ ያዕቆብ የደብረ አስቦን መነኮሳት እየመደቡ እያንዳንዱ የሚያስተምርበትን አገር ከፋፈሉለት። ሥራው ገና ከመጀመሩ መነኮሳቱ ከአፄ ዓምደ ጽዮን ጋር በጋብቻ ጉዳይ ተጋጩ። ንጉሥ ከአንድ ሚስት በላይ እንዳያገባ ነበር ነገሩ። ተገረፉ፣ ተጋዙ። ግዞቱ ግን ያልታሰበ ነገር አመጣ፤ የተበተኑት መነኮሳት በደረሱበት ሁሉ ማስተማር ጀመሩ። በዚያ ዘመን ከተሰደዱት አንዱ አባ አሮን ናቸው፤ በመቄት ደጋ ላይ በስማቸው የሚጠራ ከዐለት የተፈለፈለ ገዳም አለ። ጣሪያው ክፍት ሆኖ ዝናብ አይገባበትም እየተባለ እስከ ዛሬ ይነገራል። ንጉሡ መምህራኑን በየአገሩ ሲበትን አቡነ ያዕቆብ ያቀዱትን ሥራ ሳያውቅ ፈጸመላቸው ብንል ብዙ አንሳሳትም።

ሐይቅም ፍሬውን አላቋረጠም። በ14ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ እዚያ ተማሩ። መጀመሪያ ትምህርት አልገባቸው ብሎ መከራ አይተው ነበር ይባላል፤ በኋላ መጽሐፈ ምስጢርንና አርጋኖንን ጻፉ። ለደነዝ ተማሪ ተስፋ መስጠት ሲያስፈልግ የኔታዎች ዛሬም የሚያነሡት የእርሳቸውን ስም ነው።

ከዚያ ደራሹ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1531 የአዳሉ ኢማም አሕመድ ጦር አንጎትንና አማራን አዳረሰ፤ ሐይቅም ደረሰ። መነኮሳቱ የገዳሙን ወርቅ አስረክበው ቤተ ክርስቲያኑን ከእሳት አተረፉ። ብዙ ሌላ ደብር ግን ያን ዕድል አላገኘም። መምህሩ ሞተ፣ መጽሐፉ ተቃጠለ፣ ተማሪው ተበተነ። ጥቂት ቆይቶ በዚያው መቶ ዓመት መጨረሻ የኦሮሞ ነገዶች ወጥተው በቆላውና በወገቡ ላይ ሰፈሩ፤ የራያ፣ የየጁ፣ የወሎ ስም ከዚያ ወዲህ ነው በምድሩ ላይ የተተከለው። አንጎት የሚለው ስም እየደበዘዘ ሄደ።

እንግዲህ ለአዲሱ ሕዝብ ማን ነበር አስተማሪው? እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ይገባል። ቤተ ክርስቲያን በደጋው በቅኔና በዜማ ስትበለጽግ፣ ዋድላም ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር በቅኔ ቤትነት ስሟ ሲጠራ፣ በወሎ ቆላና ወይና ደጋ እየዞሩ ያስተማሩት በአብዛኛው ሸሆቹ ናቸው። በአልቡኮ ጀማ ንጉሥን ያቀኑት ሸህ ሙሐመድ ሻፊ፣ በኋላም በየጁ ዳናን ያቀኑት ሸህ አሕመድ ኢብን አደም፣ ደረሳ ሰብስበው፣ መጽሐፍ ገልብጠው፣ በአገሩ ቋንቋ መንዙማ አዘጋጅተው ነው ሰውን የያዙት። ደረሳውና የቆሎ ተማሪው ወንድማማች ይመስላሉ። ሁለቱም ከቤታቸው ርቀው፣ ለምነው በልተው፣ ሌሊት በጭላንጭል ይማራሉ። የኢየሱስ ሞዐን ዘዴ በዚያ ዘመን ቆላ ላይ ይዞ የተገኘው ደረሳው ነበር።

የውጭ ሰባኪም አልፎበታል። ጀርመናዊው ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ እ.ኤ.አ. ከ1839 ጀምሮ በሸዋ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አገር ተቀምጦ ነበር። በ1842 መጋቢት ወር ከአንኮበር ወደ ጎንደር ተነሣ፤ አዲሱን ጳጳስ አቡነ ሰላማን ማግኘት ይፈልግ ነበር። ወሎ ሲደርስ አዳራ ቢሌ የተባለው ባላባት በእንግድነት ተቀበለው፤ ከዚያ አሰረው፤ ንብረቱን ገፈፈው። ክራፕፍ ባዶ እጁን በየጁና በላስታ በኩል ወደ ሰሜን አዘገመ፤ ምጽዋ ሲደርስ ነፍሱ ብቻ ነበረች የተረፈችው። ወደ ሸዋ ልመለስ ቢል በሩ ተዘጋበት። ከሁለት ዓመት በኋላ ሞምባሳ ታየ፤ የኬንያ ወንጌላውያን የታሪካቸውን ጅማሬ ከእርሱ ይቆጥራሉ። አዳራ ቢሌ በኬንያ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ውስጥ ስሙ መግባት ነበረበት እያልኩ አንዳንዴ እስቃለሁ።

አሁን ወደ ትልቁ ቀን እንድረስ። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ የሸዋውን ንጉሥ ምኒልክን ካስገበሩ በኋላ በደሴ አጠገብ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ጠሩ። የመጀመሪያው አጀንዳ የቤተ ክርስቲያን የራሷ ጭቅጭቅ ነበር፤ ተዋሕዶ፣ ቅባት፣ የጸጋ ልጅ እየተባባሉ ሊቃውንቱ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ተከራክረዋል። በጉባኤው ተዋሕዶ ረታች። ሁለተኛው አጀንዳ ክርክር አልነበረውም፤ ዐዋጅ ነበር። የወሎ ሙስሊም በ3 ዓመት ውስጥ ክርስቲያን ይሁን ተባለ።

የወሎ ታላላቆች መጀመሪያ ገቡ። መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ አፄ ዮሐንስ ክርስትና አባት ሆኑላቸው። ኢማም አመዴ ኃይለ ማርያም ተባሉ፤ ክርስትና አባታቸው ምኒልክ ነበሩ። ከዚያ ዐዋጁ ወደ ሕዝቡ ወረደ፤ የራያን ቆላም አልማረም። ሙስሊሙ ቤተ ክርስቲያን እንዲያሠራ፣ ለቄሱም አሥራት እንዲከፍል ታዘዘ። ሃምሳ ሺህ ሙስሊም ተጠመቀ የሚል ቁጥር በታሪክ መጻሕፍት ይገኛል። እኔ ከቁጥሩ ይልቅ የሚያሳስበኝ ከጥምቀቱ በኋላ ያለው ማግስት ነው። ሰውየው አንገቱ ላይ ማተብ ታስሮለት ወደ ቤቱ ተመለሰ። ማን አስተማረው? በየትኛው ቋንቋ? ከራያ ሰው ከፊሉ በቤቱ ኦሮምኛ ይናገር ነበር፤ ቄሱ የሚቀድሰው በግዕዝ ነበር። ጳጳሱ ግብፃዊ ነበሩ፤ ከሕዝቡ ጋር በአስተርጓሚ ይነጋገሩ ነበር። ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት እስላም የሚለው አባባል የተወለደው ከዚህ ነው። ቀን ቤተ ክርስቲያን ደጅ ስሞ፣ ሌሊት በሩን ዘግቶ ይሰግዳል። ሌላው ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ሐረርጌ፣ ወደ አርሲ፣ ወደ መተማ ተሰደደ። ሸህ ጦልሐ ደግሞ መሣሪያ አንሥተው ለዓመታት ንጉሡን ተዋጉ።

ለአፄ ዮሐንስ ፍትሕ ልስጥ። አገራቸው በግብፅና በደርቡሽ ተከባ ነበር፤ አንድ ሃይማኖት ማለት አንድ አገር ማለት መስሎ ታያቸው። እርሳቸው ራሳቸው በእምነታቸው የጸኑ፣ ለዚያም መተማ ላይ በ1881 ዓ.ም. የሞቱ ሰው ናቸው። ራስ ሚካኤልም ክርስትናውን በቅጡ ያዙት፤ ተንታ ላይ፣ ደሴ ላይ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። ሕዝቡ ግን ራስ አይደለም። ዐዋጁ ከንጉሡ ጋር ሞተ፤ ብዙው ሰው ማተቡን በጥሶ ወደ ቀድሞው ተመለሰ። በራያና በወሎ ዛሬ በአንድ የዘር ሐረግ ውስጥ አሊና ገብረ ሥላሴ አብረው የሚቆጠሩት በከፊል በዚህ የተነሣ ነው፤ አያቱ በየትኛው ስም እንደተቀበሩ የሚከራከሩ የአንድ ቤት ሰዎች ይገኛሉ።

ዐዋጁ ካለፈ በኋላ፣ በዚያው በደጋው ወገን፣ ማንም ያላዘዘው ነገር ሆነ። ሸህ ዘካርያስ በሰቆጣ የሚኖሩ የቁርኣን ዐዋቂ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ራእይ አየሁ ብለው ሙስሊሙን መምከር ጀመሩ፤ ጠበል አልያዙም፣ ወታደር አላስከተሉም። የያዙት ቁርኣን ነበር። ስለ ኢየሱስ የተጻፈውን ከዐረብኛው እያወጡ፣ ከሌሎች ሸሆች ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠው ይከራከሩ ነበር። ተከታዮቻቸው በዙ። እርሳቸው ግን ለዓመታት አልተጠመቁም፤ መጀመሪያ አስተማሩ። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1910 ደብረ ታቦር ላይ ተጠምቀው ነዋየ ክርስቶስ ተባሉ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተከተሏቸው። አዲስ ክርስቲያን ይባሉ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ግን ለእነዚህ ሰዎች የሚሆን መምህር በበቂ አላሰናዳችም፤ ሸህ ዘካርያስ እ.ኤ.አ. በ1920 ሲሞቱ ከተከታዮቻቸው ከፊሉ ወደ ሚሲዮኖቹ ሄደ። ተራው ተጠብቆ ነበር፤ የመጨረሻው፣ ከጥምቀት በኋላ ያለው ትምህርት ነው የጎደለው።

የጳጳሱ ነገርም ከዚያ በኋላ ተፈታ። ቤተ ክርስቲያኗ ከአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ወዲህ 1600 ዓመት ያህል ጳጳስ ከግብፅ ስታስመጣ ኖራ፣ በ1921 ዓ.ም. የራሷን ልጆች ካይሮ ልካ አስሾመች። ከእነርሱ አንዱ አቡነ ጴጥሮስ መንበራቸውን ደሴ አድርገው ወሎን ያዙ። ለመጀመሪያ ጊዜ የወሎ ሰው በአማርኛ የሚያስተምር ጳጳስ አገኘ። ያገኘው ግን ለ7 ዓመት ብቻ ነው። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጦሩ ማይጨው ላይ ተሸነፈ፤ ንጉሠ ነገሥቱ በራያ በኩል ሲያፈገፍጉ ከአገሩ ሰው ሳይቀር ተተኮሰባቸው፤ ሐምሌ 22 ቀን አቡነ ጴጥሮስ አዲስ አበባ ላይ በፋሺስት ጥይት ተገደሉ።

ከነጻነት በኋላ መንግሥት በ1936 ዓ.ም. የሚሲዮንን ሥራ በዐዋጅ ደነገገ። አገሩ ለሁለት ተከፈለ፤ የኦርቶዶክስ አገር የተባለው ዝግ፣ ሌላው ክፍት። የውጭ ሚሲዮን ከዝጉ ይልቅ ወደ ክፍቱ ሄደ፤ በወለጋ፣ በሲዳማ፣ በወላይታ ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት እንደ ሰደድ እሳት ተዛመቱ። በቆቦ መንገድ የሚያልፍ ሰባኪ ግን ጥቂት ነበር። አጥር ማጠር ቀላል ነው፤ በአጥሩ ውስጥ ያለውን ሰው ማስተማር ሌላ ሥራ ነው። ያን ሥራ የሠራው በየደብሩ ያለው የኔታ ነበር፤ እርሱም የሚኖረው ለቤተ ክርስቲያን አገልጋይ በሚሰጠው በሰሞን መሬት ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. መሬት የሕዝብ ሆነ። ለገበሬው ትልቅ ነገር ነበር፤ ለአብነት ትምህርት ቤቱ ግን ድርጎው ተቋረጠ።

በ1977 ዓ.ም. ጥቅምት የኮረም ረሃብተኞች በቢቢሲ ካሜራ ለዓለም ታዩ። ኮረም ከአላማጣ በላይ፣ ከራያ ሜዳ አፋፍ ላይ ናት። ከቆቦና ከላስታ የተነሣ ሰው በዚያ መንገድ ላይ ወድቋል። የውጭ የክርስቲያን ረድኤት ድርጅቶች ሜዳውን ሞሉት። ሰው በስንዴ ሃይማኖቱን ለወጠ የሚለው ሐሜት ከዚያ ዘመን ጀምሮ ሲሰማ ኖሯል። በረሃብ የሞተበትን ልጅ ቀብሮ የመጣ ሰው በምን ቋንቋ ጸለየ ብሎ መመርመር ግን ለእኔ ነውር ነው።

ደርግ ወድቆ በ1984 ዓ.ም. ማኅበረ ቅዱሳን ተመሠረተ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ፤ ሊሠሩ ካሰቡት አንዱ ድርጎው ለተቋረጠበት የአብነት ትምህርት ቤት እጅ መዘርጋት ነበር። ቆላው ግን አሁንም ከደጋው መምህር ይጠብቃል፤ ሰባኪው በድምፅ ማጉያ ለሦስት ቀን ጉባኤ ይመጣል፣ ሜዳው ይሞላል፣ መኪናው ይሄዳል። በማግስቱ ፊደል የሚያስቆጥር መሪጌታ ካልተገኘ ጉባኤው ደራሽ ነው።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ቆቦ ገባ፤ ወልድያን ይዞ ወደ ደቡብ አለፈ። ከተማ ሲያዝ የቻለ ሁሉ ይሸሻል። የሰሜን ወሎ ሊቀ ጳጳስ አቡነ ኤርምያስ ወልድያ ቀሩ። ከተማዋን ከያዙት ታጣቂዎች ጋር ስለ ሕዝቡ ተነጋገሩ፤ ለተራበው እህል አፈላለጉ፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ደጃቸው ቆመ። በእነዚያ ወራት ስለ ሰበኩት ስብከት ሲወራ አልሰማሁም፤ ስለ መቅረታቸው ግን ወልድያ ላይ ሙስሊሞች ናቸው የነገሩኝ።

ከጦርነቱ በኋላ አንድ ማለዳ ቆቦ ላይ ከመናኸሪያው ጀርባ አንድ የቆሎ ተማሪ አየሁ። ደበሎውን ለብሷል፤ አኮፋዳውን በግራው አንግቷል፤ በቀኙ የውሻ ዱላ። አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። አንድ በር ላይ ቆሞ በእመቤታችን ስም ለመነ። የወጡት ሴት ጸጉራቸውን በሻሽ የሸፈኑ፣ እጃቸው ላይ መቁጠሪያ ያለባቸው ሙስሊም ነበሩ። ልጁ ቤት እንደተሳሳተ ገብቶት ወደ ኋላ አለ።

«አብሽር ልጄ፣ ና» አሉት። «ከየት ነህ?»

«ከላስታ ነኝ እማማ።»

«እስከ የት ደረስክ?»

«ዳዊት ደግሜያለሁ። አሁን ጾመ ድጓ ልጀምር ነው።»

ሴትዮዋ ገብተው ግማሽ የማሽላ እንጀራ ሽሮ ለቅልቀው ይዘው መጡ። ልጁ አኮፋዳውን ሲከፍት፣ «በአኮፋዳ አይደለም፣ እዚሁ ቁጭ ብለህ ብላ፤ ውሻዋን አስሬያታለሁ» አሉት። ደፉ ላይ ተቀምጦ በላ። እርሳቸውም በሩን ሳይዘጉ ቡናቸውን መቁላት ቀጠሉ።